ስለ ማኪንቶሽ ኮምፒዩተርና ስለ ፈቃድ ውሉ፤ አጭር ሂስ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ የምንኖር ተማሪዎች የሰፈራችን ስም ከየት እንደ መጣ እናውቃለን። ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርሰውን ራዲዮ ሕዝቡ ንፋስ ስልክ ስላለው፣ ጣቢያው የቆመበትም ስፍራ በዚሁ ስም ተጠራ። ሕዝቡ መሣሪያውን የሰየመው በአሠራሩ ነው፤ እኛም የዛሬውን ኮምፒዩተር በማስታወቂያው ሳይሆን በአሠራሩ ልንመዝነው ይገባል።

አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የማኪንቶሽን ፕሮሰሰር ሦስት ጊዜ ለውጧል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1994 ከሞቶሮላ 68000 ዓይነት ወደ ፓወር ፒሲ፣ በ2006 ወደ ኢንቴል፣ በ2020 ደግሞ ራሱ ወደ ነደፈው ኤም 1 ተሻገረ። ከሦስቱ ለሂስ የሚመቸው ሁለተኛው ነው። ከዚያ በፊት፣ የማኪንቶሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በተራ ኮምፒዩተር ላይ ለምን አይሠራም ለሚል ጠያቂ፣ ፕሮሰሰሩ ልዩ ነው የሚለው መልስ ይበቃ ነበር። ኢንቴል ሲገባ ምክንያቱ ወደቀ፤ ገደቡ ግን አልወደቀም። የፈቃድ ውሉ ሲስተሙ የአፕል ምልክት ባለበት ኮምፒዩተር ላይ ብቻ እንዲጫን ያዛል። በዚያው ዓመት ግን ኩባንያው ዊንዶውስን በማኪንቶሽ ላይ ለመጫን የሚረዳውን ቡት ካምፕ አወጣ። እንግዳው እንዲገባ ተፈቀደ፤ የቤቱ ልጅ ግን እንዳይወጣ ተከለከለ።

ሳይስታር የተባለ የፍሎሪዳ ድርጅት በ2008 ሲስተሙን በራሱ ኮምፒዩተሮች ላይ ጭኖ መሸጥ ጀመረ። አፕል ከሰሰው፤ ፍርድ ቤቱ በ2009 ለአፕል ፈረደ፤ የይግባኙም ችሎት በ2011 ፍርዱን አጸና።

ለኩባንያው የሚነገር መከራከሪያ መኖሩን አንክድም። ማሽኑንና ሲስተሙን አንድ እጅ ሲሠራቸው ይበልጥ ይስማማሉ። በ1995 ፈቃድ ያገኙ ሌሎች ፋብሪካዎችም ገበያውን ስለ ተሻሙበት በ1997 ፈቃዱን ወደ ማቋረጥ ሄዷል። ይሁን እንጂ ይህ የንግድ ምርጫ እንጂ የቴክኒክ ግዴታ አይደለም፤ ሁለቱን መለየት የተማሪ ፋንታ ነው።

ታዲያ ነገሩ ለእኛ ምን ያገባናል? የፓወር ፒሲ ፕሮግራሞችን በኢንቴል ላይ ያሠራ የነበረው ሮዜታ በ2011 በወጣው ሲስተም ቀረ፤ በገንዘብ የተገዛ ፕሮግራምም በዚያ ሲስተም ላይ ሥራ ፈታ። በ2025 ደግሞ ኩባንያው የዚያ ዓመት ሲስተም ለኢንቴል ማሽኖች የመጨረሻው መሆኑን አስታውቋል። ከውጭ አገር ዘመድ በላከለት አሮጌ ማኪንቶሽ የሚማር ተማሪ ይህ በቀጥታ ይነካዋል።

የአማርኛ ጽሑፍም ይህን መሰል ችግር ቀምሷል። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሎቹ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። የማሽን ምርጫ የየሰው ነው፤ የጥናት ጽሑፋችንን ግን በዩኒኮድ እንጻፍ፤ በማንኛውም ሲስተም በሚከፈት ዓይነትም እናስቀምጥ። ቤተ መጻሕፍታችንም የመመረቂያ ጽሑፎችን ሲቀበል ይህንኑ ይጠይቅ። ፕሮሰሰሩ አራተኛ ጊዜ ቢለወጥ፣ ማሽኑ ያርጅ እንጂ ጽሑፋችን አብሮት ማርጀት የለበትም።