ሳይጠሯት የምትመጣ ነርስ

ቂሊንጦ ኮንዶሚኒየም ሊፍት የለም። የጤና ኤክስቴንሽን ነርሷ አራተኛ ፎቅ ደርሳ «ቤቶች!» ስትል ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እናትየው የክትባት ካርዱን እስክትፈልግ የአያትየውን ደም ግፊት ትለካለች፤ የውሃ በርሜሉ ክዳን ሲጎድል ዝም ብላ አታልፍም። የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚሁ ቂሊንጦ ነው፤ «ክኒኑን በሰዓቱ ይውጣሉ ወይ እማማ?» ብሎ መጠየቅ ግን የእሷ ሥራ ነው።

የገጠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶችን ሲያሠለጥን፣ በ2002 ዓ.ም. የተጀመረው የከተማው ግን በነርስነት የተመረቁትን ወሰደ። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር መራው፤ የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት በሥልጠናና በክትትል አገዘ። እንዲህ ያለው ትብብር አዲስ አይደለም። በ1954 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መንግሥት፣ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና አሜሪካ ተጋግዘው የማኅበረሰብ ነርሶችን ከጤና መኮንኖችና ከሳኒታሪያኖች ጋር በአንድ ቡድን አሠልጥነዋል። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፦ ነርሷ የሐኪም ተላላኪ ሳትሆን ሠፈሩን የምታውቅ ባለሙያ ሆና ወጣች። የለጋሾች ፕሮጀክት ዘመኑ ሲያበቃ ይዘጋል፤ እሷ ግን በማግስቱም ያንኑ ደረጃ ትወጣለች፣ ደመወዟም ከዚያ ድካም ጋር የሚመጣጠን አይመስለኝም።