የራይቦዞም ጥንተ አመጣጥ፦ ማስረጃውና ክፍተቱ

እ.ኤ.አ. በ2000 የቶማስ ስታይትዝና የፒተር ሙር ቡድን፣ አሚኖ አሲዶች በሚያያዙበት የራይቦዞም እምብርት አር.ኤን.ኤ እንጂ ፕሮቲን እንደሌለ አሳየ። አዳ ዮናት በበኩላቸው የእምብርቱን ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች የጥንታዊው ራይቦዞም ቅሪት አድርገው ይወስዷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ቡድናቸው መሰል የአር.ኤን.ኤ ቁራጮች ያለ ፕሮቲን እገዛ የፔፕታይድ ትስስር እንደሚፈጥሩ በቤተ ሙከራ አሳይቷል።

መላምቱ ጠንካራ ቢሆንም ማያያዝ ማንበብ አይደለም። የዘረመል መልእክት የሚነበብበት ትንሹ ክፍል ከትልቁ ጋር እንዴት እንደተቀናጀ ገና አልተብራራም፤ ያለ መልእክት የተሠራ ሰንሰለትም ለትውልድ አይተላለፍም። ስለዚህ የሕይወት አጀማመር ታወቀ ማለት ማስረጃውን መቅደም ነው።

ጥያቄው ከሕክምና የራቀ አይደለም። ክሎራምፌኒኮል የሚያርፈው በዚሁ እምብርት ላይ ነው፤ የሰው ማይቶኮንድሪያም ከባክቴሪያ የወረሰውን ራይቦዞም ስለያዘ፣ መድኃኒቱ እንደ መጠኑ የአጥንት መቅኒን ያዳክማል።