የአሶሳ ክረምት የሚፈትነው እድሳት

የቆየ የቢሮ ሕንፃ ታድሶ ሲመረቅ ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል። ሥራ የሚያውቅ ሰው ግን መግቢያው ላይ ብዙ አይቆምም። የኮሪደሩን መጨረሻ፣ የደረጃውን ሥርና የመጸዳጃ ቤቱን ወለል አይቶ ነው የሚፈርደው።

አሶሳ ላይ ከማንም መሐንዲስ የሚከፉ ሁለት ተቆጣጣሪዎች አሉ፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት የሚዘልቀው ዝናብና ምስጥ።

ከግድግዳው እንጀምር። የድሮ መሥሪያ ቤቶች ኮሪደር እስከ ትከሻ ድረስ በዘይት ቀለም የተቀባ ነው፤ እጅና ጫማ ለሚበዛበት ቦታ መወልወል ስለሚቀል። ክፋቱ የዘይት ቀለም እርጥበት አያስወጣም። አሸንዳው ያፈሰሰበት ወይም ከመሠረቱ ውኃ የሚስብ ግድግዳ ላይ ከተለቀለቀ ቀለሙ አብጦ ይላጣል። ጥሩ ተቋራጭ ብሩሽ ከማንሳቱ በፊት አሸንዳውን ያስተካክላል፣ የበሰበሰውን ልስን እስከ ብሎኬቱ ፈልፍሎ ያወጣል፣ ግድግዳው እስኪደርቅ ይታገሣል፤ ስቱኮው ከዚያ በኋላ ነው። ገምጋሚው የስልኩን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግቶ በጎን ቢያበራ የተደበቀው ጉብታና ስንጥቅ ሁሉ ይወጣል። ከዞኮሎው በላይ ያለው አንድ ክንድ ያህል ቦታ ደግሞ ከቀረው ግድግዳ የበለጠ ይናገራል።

ምስጥን ለመፈተሽ ጣት ብቻ ይበቃል። የበሩን መቃን ከታች ጀምሮ መቆርቆር ነው። ምስጥ እንጨቱን ከውስጥ በልቶ ላዩን ስለሚተው አዲስ የተቀባ መቃን ውስጡ ባዶ ሊሆን ይችላል። ግድግዳው ላይ የጭቃ መስመሩ ሳይጠረግ በላዩ ተቀብቶ ከተገኘማ የቀረውን ሥራም መጠርጠር ነው። የክልሉ ቀርከሃ ለኮርኒስም ለግድግዳ ማስዋቢያም ያምራል፤ ሳይታከም ከተሰቀለ ግን ነቀዝ ይገባበታል፣ ከሥሩም ደቃቅ ዱቄት ይረግፋል።

ወለል ላይ የሚሠራው ጥፋት ይብሳል። በክልሉ ያሉት ዳለቲ፣ ቡለንና ማንኩሽ እምነበረድ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። እንዲህ ባለ ክልል ተጠርጎና ተወልውሎ የሚያምር አሮጌ እምነበረድ ወይም ቴራዞ ላይ ርካሽ ሴራሚክ ማንጠፍ ያሳዝናል። ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም። በነባሩ ላይ ሲነጠፍ ወለሉ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ በሮቹ ከታች ይቆረጣሉ፤ የመጀመሪያዋ ደረጃ ከሌሎቹ ታጥራለች። እግር የደረጃውን ልክ ስለሚለምድ ሠራተኛው እዚያች ቦታ ላይ ይደናቀፋል። ሴራሚኩን በሳንቲም መታ መታ ማድረግም ይጠቅማል፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ሥሩ ሲሚንቶ በደንብ አልገባም።

መለኪያ የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ያለውን የአፍሪካ አዳራሽ ይመልከት። አርቱሮ መዘዲሚ የነደፈው ይህ ሕንፃ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በግንቦት 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም እዚያው ነው። ከእድሳት በኋላ በጥቅምት 2017 ሲከፈት 57 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ከ13 ሚሊዮን በላይ ብርቱካናማ፣ ቡናማና ነጣ ያሉ ጥቃቅን ንጣፎች የድሮውን መስለው ተሠርተው ተተኩ፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕልም ታደሰ። ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥ እንዲቋቋም ተጠናክሯል፤ ይህን ግን የሚገባ እንግዳ አያየውም። ለአሶሳ መሥሪያ ቤት ይህ በጀት ቀልድ ነው። ነባሩን ሳያፈርሱ መጀመሪያ ማጥናት ግን ያን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም።

መጸዳጃ ቤቱ በአንድ ጆግ ውኃ ይፈተናል። ወለሉ ላይ ሲደፋ ወደ ፍሳሹ ካልሄደና በሩ ሥር ከተኛ ተዳፋቱ ተበላሽቷል፤ ወለሉን ከማንሳት ሌላ መድኃኒት የለውም።

ርክክብ ብዙ ጊዜ በበጋ ይሆናል፤ ሁሉም ነገር ደርቆ፣ ሁሉም አምሮ። በጊዜያዊና በመጨረሻ ርክክብ መካከል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዓመት የጉድለት ማረሚያ ጊዜ አለ። የተረካቢው ኮሚቴ ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ ሲያይል፣ ኮሪደሩን አንድ ዙር ቢያይ ይበጀዋል፤ የተቋራጩ መያዣ ገንዘብ ያኔ ገና ሙሉ በሙሉ አልተለቀቀም።