ለመንገድ የሚሆን የምግብ መጽሐፍ

የዳያና ኬነዲ «ዋሃካ አል ጉስቶ» እ.ኤ.አ. በ2010 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በእንግሊዝኛ ታትሞ፣ በቀጣዩ ዓመት የጄምስ ቢርድን የዓመቱ የምግብ መጽሐፍ ሽልማት አግኝቷል። ነገር ግን እንነጋገር ከተባለ፣ ከሜክሲኮ ውጭ ላለ ሰው ብዙው ምግቡ አይበስልም። የኢጓና ሥጋ ከየት ይመጣል? ለጥቁሩ ሞሌ የሚፈለገው ቺልዋክሌ የተባለው በርበሬ እንኳ በዋናነት የሚበቅለው እዚያው ዋሃካ፣ ካኛዳ በሚባለው አካባቢ ነው።

እኔ ግን መጽሐፉን የያዝኩት ለምድጃ አይደለም፤ በደቡብ ሜክሲኮዋ የዋሃካ ግዛት የሁለት ሳምንት የምግብ ጉዞ እያቀድኩ ነው። ለዚህ ሥራ ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ኢንተርኔቱ ዋሃካን «የሰባቱ ሞሌዎች አገር» ይላታል። ሞሌ ማለት በርበሬ፣ ቅመምና ሌላም ብዙ ነገር ተፈጭቶ የሚሠራ ወፍራም ወጥ ነው። እንደኔ ኮድ ሲጽፍ ለሚውል ሰው ሰባት ቁጥር ምቹ ናት፦ ሰባት መስመር፣ ሰባት ምልክት፣ አለቀ። ኬነዲ ግን ምግቡን በየአካባቢው ከፍላ ነው ያስቀመጠችው። ግዛቲቱ ስምንት አካባቢዎችና 570 ማዘጋጃ ቤቶች አሏት፤ አንድ ስም ያለው ሞሌ ቦታው ሲቀየር እሱም ይቀየራል። ይህን ያነበበ ሰው «ምን ልብላ?» ማለቱን ትቶ «የት ልሂድ?» ይላል።

ጉድለቱም እዚሁ ላይ ነው። መጽሐፉ በቦታ እንጂ በጊዜ አልተደራጀም። ዋሃካ ውስጥ ደግሞ ቀን የምግቡ ግማሽ ነው። በሸለቆዎቹ ኤትላ ረቡዕ፣ ሳቺላ ሐሙስ፣ ኦኮትላን ዓርብ፣ ትላኮሉላ እሁድ ይገበያሉ። አጭሩን መንገድ የሚያሰላ ፕሮግራም ትላኮሉላን ማክሰኞ ላይ ሊጥላት ይችላል፤ የገበያ ቀን የሚያውቅ የገጠር ሰው ግን ይህን አይስትም። ቺካታና የሚባሉት ክንፋም ጉንዳኖችም እንደኛ አሸን ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ብቅ ይላሉ፤ በታኅሣሥ የሄደ ሰው ሲወጡ አያይም። ስለዚህ ካርታውን ከመጽሐፉ ወስጄ ቀን መቁጠሪያውን ለብቻ መሥራት ግድ ሆነብኝ።

ሌላም የሚከነክነኝ ነገር አለ። ኬነዲ በ1923 እንግሊዝ ተወልዳ፣ አሥርተ ዓመታት ሜክሲኮ ኖራ፣ በ2022 እዚያው ሚቾአካን ያረፈች ሴት ናት። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም የእሷ ብቻ ነው። ውስጡን ስትገልጡት ግን ከብዙዎቹ ምግቦች ጋር ያስተማሯት ባለሙያዎች ስም ተጽፏል። ይህ ቀላል ውለታ አይደለም፤ «የአያቶች ምግብ» እያለ ስም የሚሰርዝ ጽሑፍ ሞልቷል። ሆኖም ስምና መንደር በእጁ የገባ ተጓዥ የሰው ቤት እንደ ምግብ ቤት ሊያንኳኳ ይቃጣዋል። ስማቸው የተጻፈው ለምስጋና እንጂ ለአድራሻ አይመስለኝም።

ስለዚህ በእቅዴ ላይ መንደሮቹና የገበያ ቀኖቹ ገብተዋል፣ የሴቶቹ ቤት ግን አልገባም። እሁድ ጠዋት ትላኮሉላ፤ ከበቆሎና ከካካዋ የሚዘጋጀውን ቴሃቴ ከምትሸጥ ሴት አንድ ቅል ገዝቼ እጠጣለሁ። ከሰዓቱን ባዶ ትቼዋለሁ።