ተራራው ምን አለ? የሼሊን «ሞንት ብላን» ስለ ማንበብ

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ልጅ ካላችሁ አንድ ቀን የፐርሲ ቢሽ ሼሊን ግጥም ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለ ገጣሚው ሕይወት ጥቂት የሰማ ወላጅ «ይህን ሰው ለምን ያስነብቡብኛል?» ቢል አይፈረድበትም። ሼሊ እ.ኤ.አ. በ1811 ለአምላክ መኖር ማስረጃ የለም የሚል ጽሑፍ አሳትሞ፣ «ያንተ ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ አልሰጥም በማለቱ ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተባሯል። በ1816 ወደ አልፕስ ተራሮች በተጓዘበት ጊዜም በሆቴል የእንግዶች መዝገብ ላይ ራሱን በግሪክኛ «አምላክ የለሽ» ብሎ ጽፏል። ይሁን እንጂ በዚያው ጉዞ የጻፈው «ሞንት ብላን» የተሰኘው ግጥም ሳይመረመር የሚጣል አይደለም። ምክንያቱን አብረን እንመልከት።

ሞንት ብላን «ነጭ ተራራ» ማለት ነው። ከፍታው 4,800 ሜትር ያህል ሲሆን ጫፉ ዓመቱን ሙሉ በረዶ እንደ ለበሰ ይኖራል። የ23 ዓመቱ ሼሊ በሐምሌ ወር፣ ዛሬ በፈረንሳይ ግዛት ባለው የሻሞኒ ሸለቆ፣ በአርቭ ወንዝ ድልድይ ላይ ቆሞ ሽቅብ ተመለከተው። ያደረበትንም ስሜት በአምስት ክፍል፣ በ144 ስንኞች አሰፈረው፤ ግጥሙ በ1817 ታተመ።

ብዙ ተማሪ ይህን ግጥም የተፈጥሮን ውበት የሚያወድስ አድርጎ ያነበዋል። እስቲ አራተኛውን ክፍል እናስተውል። የበረዶው ግግር አድብቶ እንደሚሳብ እባብ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ደኑን ይገነድሳል፤ የአራዊቱን መኖሪያ ያጠፋል፤ ሰውም ቤቱን ጥሎ ይሸሻል። ይኸው በረዶ ቀልጦ ወንዝ ሲሆን ደግሞ ርቀው ለሚኖሩ አገሮች ሕይወት ይሆናል። የሚያጠፋውና የሚያጠጣው አንድ ነው። ገጣሚው አንዱን ለማሳመር ሌላውን አይሸሽግም፤ የግጥሙ ትልቁ ጥንካሬም ይህ ነው።

አስቸጋሪው የመጀመሪያው ክፍል ነው። ሼሊ ስለ ተራራው ከመናገሩ በፊት ስለ ሰው አእምሮ ይናገራል። ዓለም በአእምሯችን ውስጥ እንደ ትልቅ ወንዝ ያልፋል፤ አእምሯችንም ከራሱ ምንጭ ትንሽ ጅረት ይጨምርበታል ይላል። እዚህ ላይ ግጥሙ ድክመት አለበት፤ ወንዙን ገና ሳናይ የወንዝ ምሳሌ ይቀርብልናል። ስለዚህ ሸለቆውና ወንዙ የተሣሉበትን ሁለተኛውን ክፍል አስቀድሞ አንብቦ ወደ መጀመሪያው መመለስ ይረዳል። ያን ጊዜ የግጥሙ ዋና ጥያቄ ይገለጣል፦ ተራራውን ስናይ የሚሰማን ግርማ የተራራው ነው ወይስ እኛ የጨመርንበት?

አጻጻፉም ልብ ሊባል ይገባዋል። ሲሰሙት ቤት የማይመታ፣ እንደ ጎርፍ ልጓም የሌለው ይመስላል። የየስንኙን መጨረሻ ለይተን ስንቆጥር ግን ቤት የማይመቱት በጣም ጥቂት ናቸው፤ ጆሮ የሚስተው ቤቱ ተራርቆ ስለ ተቀመጠ ነው። በሁከት መካከል የተሰወረ ሥርዓት መኖሩን አምላክ የለሽ ነኝ ያለው ሰው በገዛ ስንኙ ማሳየቱ ያስደንቃል።

በመጨረሻው ክፍል ማንም በማያየው ጫፍ ላይ በረዶ ይወርዳል፤ ነፋሱም መብረቁም ድምፅ የላቸውም። ገጣሚው «ኃይል በዚያ አለ» ይለናል፤ የማን እንደሆነ ግን አይነግረንም። ያ ዝምታ ለሰው አእምሮ ባዶ ቢሆን ኖሮ ተራራው ምን ይሆን ነበር ብሎ በጥያቄ ይደመድማል። ልብ በሉ፤ ዝምታው ባዶ ነው ብሎ አልፈረደም። ከደጃፉ ደርሶ ቆመ።

ከሼሊ 14 ዓመት በፊት፣ በ1802፣ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ ስለዚሁ ተራራ ፈጣሪን የሚያወድስ ግጥም አሳትሞ ነበር። በሐሳብ ለእኛ የሚቀርበው የእርሱ ነው። ዳሩ ግን ኮልሪጅ ሻሞኒን በዓይኑ አላየም፤ ግጥሙንም የመሠረተው ፍሪደሪከ ብሩን በጀርመንኛ በጻፈችው ግጥም ላይ ሆኖ ሳለ ስሟን አላነሳም። ውዳሴው መልካም ነው፤ ምስክርነቱ ግን የውሰት ነው። ሼሊ ደግሞ ያየውን በሐቅ መሰከረ፤ ካየው ወደ ፈጣሪው ግን አልተሻገረ። ቁርኣን በሱረቱል ጋሺያ ወደ ተራሮች እንድንመለከት ይጠራናል፤ በነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ታሪክም ተራራው ራሱ ከጌታው ፊት መጽናት እንዳልቻለ እናውቃለን። ለሙእሚን ተራራ ምልክት እንጂ የኃይል ምንጭ አይደለም። ሆኖም ምልክቱን ሳያስተውሉ በልማድ «ሱብሓነላህ» ማለት ከኮልሪጅ ብዙም አያርቅም።

ሼሊ ያላየው ነገርም አለ። በዘመኑ ግግሮቹ ወደ ሸለቆው ይገፉ ነበርና እያደጉ ሁሉን ይውጣሉ ብሎ ይሰጋ ነበር። ዛሬ የሆነው ተቃራኒው ነው። በሻሞኒ ያለው ሜር ደ ግላስ የተባለው ግግር ከ1850 ወዲህ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ኋላ ሸሽቷል። በቅርብ አሥርት ዓመታት መቅለጡን ያፋጠነው ዋናው ምክንያት ሰው ነዳጅና ድንጋይ ከሰል እያቃጠለ ያመጣው ሙቀት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም 2025ን የበረዶ ግግሮች ጥበቃ ዓመት ብሎ ሰይሞታል። በግጥሙ ሰው ከበረዶው ፊት ይሸሻል፤ ዛሬ በረዶው ከሰው ፊት እየሸሸ ነው። ምድር በእጃችን ያለች አማና መሆኗን ለምናምን ለእኛ ይህ ከሥነ ጽሑፍ ትምህርት ያለፈ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ይህን ግጥም ይዞ ሲመጣ መጽሐፉን አትንጠቁት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ ገጣሚው ያየው ምንድን ነው? ካየው ተነሥቶስ የደረሰው የት ነው? ባየው ተማሩ፤ የደረሰበትን መርምሩ። ሼሊ ሳይመልሰው የተወውን ጥያቄም ልጃችሁ ለፈተና በሸመደደው ሳይሆን በራሱ ቃል እንዲመልስ ጊዜ ስጡት።