ጥፋቱ የጣሪያው ነው፦ ጭቃ ቤት፣ ብሎኬትና መስታወት በፊዚክስ ዓይን

መርካቶ ውስጥ ብዙ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከሚሸጥበት ዕቃ ነው። ሸማ ተራ አለ፣ በርበሬ ተራ አለ፣ ጭድ ተራም አለ። የመጨረሻውን ስም ሰምታችሁ ያለፋችሁ ብዙ ትሆናላችሁ፤ «ከተማ መሃል ጭድ ማን ይገዛል?» ብላችሁ የጠየቃችሁ ግን ጥቂት ናችሁ። ጭድ ለከብት መኖ ይሆናል፣ ለፍራሽ መሙያም ይሆናል። ከዚያ በላይ ደግሞ ቤት ይሠራበታል። የድሮዋ አዲስ አበባ ቤት ከባሕር ዛፍ፣ ከጭቃና ከጤፍ ጭድ የቆመ ነው። ጭድ በዚያ ዘመን ልክ እንደ ዛሬው ሲሚንቶ የግንባታ ዕቃ ነበር ማለት ነው።

ዛሬ ያ ቤት እየፈረሰ በቦታው ብሎኬት ይቆማል፤ አቅም ያለው ደግሞ ፎቁን መስታወት ያለብሰዋል። አብዛኛው ሰው የሚሰጠው ፍርድም ይታወቃል፦ ጭቃ ኋላ ቀር፣ ብሎኬት ደህና፣ መስታወት ዘመናዊ። እኛ ግን ይህን ፍርድ ዝም ብለን አንቀበለውም። መጽሐፍና ፊልም እንደሚገመገም ሁሉ ቤትም ይገመገማል። ጥያቄያችን አንድ ብቻ ነው፦ ይህ ቤት ውስጡ ያለውን ሰው ቀን ከሙቀት፣ ሌሊት ከብርድ ይጠብቀዋል ወይ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል እንጂ አይደለም። መጨረሻ ላይ እንደምናየው በብርድ ሌሊት የሚሰጠው መልስ የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

መጀመሪያ ከተማዋን እንወቃት

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ስስ ነው፤ በበጋ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ያለና ደረቅ ነው። በዚህ ምክንያት ቀን ፀሐይዋ በርትታ ትመታለች፤ ሌሊት ደግሞ መሬት የያዘችው ሙቀት ያለ ብዙ መከልከያ ወደ ሰማይ ይተናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ፣ እኩለ ቀን ላይ ከ20 ዲግሪ በላይ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጠዋት ሹራብ ደርበን ወጥተን ስምንት ሰዓት ላይ በእጃችን ይዘነው የምንዞረው በከንቱ አይደለም።

አስተውሉ፦ የቀኑና የሌሊቱ አማካይ ለሰው ምቾት ያን ያህል ሩቅ አይደለም። ቤቱ የቀኑን ሙቀት ቆጥቦ ለሌሊት ማድረስ ከቻለ ኤሲም ሂተርም አያስፈልገንም። የአዲስ አበባ ቤት ዋና ፈተና ይህ ነው፦ ሙቀት መቆጠብ።

ሙቀት በሦስት መንገድ ይሄዳል

ትምህርት ቤት የተማራችሁትን አንዴ እናስታውስ። ሙቀት በንክኪ ይተላለፋል፤ ይህ ኮንዳክሽን ነው። በሚንቀሳቀስ አየር ወይም ፈሳሽ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ይህ ኮንቬክሽን ነው። ያለ ምንም አገናኝ በጨረር ይጓዛል፤ ይህ ራዲዬሽን ነው። የፀሐይ ሙቀት እኛ ዘንድ የሚደርሰው በሦስተኛው መንገድ ነው።

አሁን ጋቢን አስቡ። ጋቢ ሙቀት አይፈጥርም፤ እሳት የለውም፣ መብራት አይበላም። የሚያሞቀን የራሳችንን ሙቀት አላስወጣ ብሎ ነው። አንድ ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ያወጣል። 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ በብርድ ጠዋት ቶሎ የሚሞቀው ለዚህ ነው፤ ውስጡ ከ1,000 ዋት በላይ የሰው ምድጃ አለ። ጋቢው በክሮቹ መካከልና በድርቦቹ መካከል አየር ያስራል። የታሰረ አየር ደግሞ ሙቀት በማሳለፍ በኩል በጣም ሰነፍ ነው። ቁልፉ ግን «የታሰረ» የሚለው ቃል ላይ ነው። አየሩ መዞር ከጀመረ ሙቀቱን ተሸክሞ ይሄዳል።

አንደኛ፦ ጭቃ ቤት

የጭቃ ቤት ግድግዳ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ጭቃው ከባድ ስለሆነ ሙቀት ያጠራቅማል። ቀን ፀሐይ የመታው ግድግዳ ሙቀቱን ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ እስኪደርስ ድረስ ሰዓታት ያልፋሉ፤ ሲደርስ ደግሞ ምሽት ሆኗል፣ ብርዱ ጀምሯል። በትክክል በሚፈለግበት ሰዓት ማለት ነው። ጭዱ በበኩሉ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ አንድ ላይ ይይዘዋል። በተጨማሪም የጭድ አገዳ ውስጡ ባዶ ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ኪሶችን ግድግዳው ውስጥ ያስራል። ጋቢና ምድጃ በአንድ ግድግዳ ላይ ተገናኙ እንደማለት ነው።

ታዲያ ጭቃ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ «ቀን ያቃጥላል፣ ሌሊት ይበርዳል» የሚለው ለምንድን ነው? ውሸቱን ነው? አይደለም። ጣቱን የቀሰረው ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ነው። ጥፋቱ የግድግዳው ሳይሆን የጣሪያው ነው።

እናስላው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ዓመቱን ሙሉ ከፍ ብላ ነው የምትውለው። በጠራ ቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ እስከ 1,000 ዋት ይወርዳል። 4 በ5 ሜትር የሆነ ጣሪያ 20 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ 20 ኪሎዋት ይወርድበታል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይበላል ብንል፣ ጣሪያው ላይ ወደ ስድስት የሚጠጋ ምጣድ ተጥዷል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ይንጸባረቃል፣ የተወሰነውን ነፋስ ይወስደዋል፤ የቀረው ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይወፍር ብረት አልፎ አናታችን ላይ ያርፋል። ቆርቆሮ አያጠራቅም፣ አያስርም። ያገኘውን ወዲያው ያሳልፋል።

ሌሊት ነገሩ ይገለበጣል። ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ጥርት ያለው ሰማይ በጨረር ይለቅና ከአካባቢው አየር በታች ይቀዘቅዛል። የተኙት ሰዎች የሚያወጡት እርጥብ ትንፋሽ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ውሃ ይሆናል። ዝናብ ሳይዘንብ ጠዋት ጠብ የሚለው ጠብታ ይህ ነው፤ ቆርቆሮው ያለቅሳል። ግድግዳው ቀን ሙሉ የቆጠበውን ጣሪያው በአንድ ሌሊት ያባክነዋል።

እናቶቻችን ይህን ያለ ፊዚክስ መጽሐፍ አውቀውታል። አቡጀዲ ወጥረው ኮርኒስ የሚያሠሩት ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ከቆርቆሮው በታች አንድ ድርብ አየር መጨመራቸው ነው፤ ለቤቱ ጋቢ አለበሱት።

ለጭቃ ቤት ጥብቅና ቆምን ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። ውሃ ከሥሩ ሲገባ ይፈርሳል፣ በየዓመቱ ምርጊት ይጠይቃል፣ አይጥ ይቦረቡረዋል፣ ፎቅ አይሸከምም። በሕዝብ በተጨናነቀ ከተማ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ግን ሲወቀስ በሠራው ጥፋት ይወቀስ።

ሁለተኛ፦ ብሎኬት

ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ «አየር አለው፣ ስለዚህ ብርድ ይከላከላል» ሲባል ትሰማላችሁ። ግማሽ እውነት ነው። የብሎኬት ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ውስጡ ያለው አየር አልታሰረም። በሞቀው ወገን ይወጣል፣ በቀዘቀዘው ወገን ይወርዳል፤ እየዞረ ሙቀት ያመላልሳል። ጭድ የሚያስረውን ዓይነት ጥቃቅን አየር አይደለም። ከዚያ በላይ፣ ቀዳዳዎቹን የሚከፋፍለው ኮንክሪት ከውስጥ ወደ ውጭ የተዘረጋ የሙቀት ድልድይ ነው።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ልጆች ይህን በራሳችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። የመጨረሻው ፎቅ ላይ የሚኖር ጓደኛ ካላችሁ ቤታችሁን አወዳድሩ። መሃል ፎቅ ያለው ቤት ከላይም ከታችም ጎረቤት አለው፤ ጎረቤቱ ጋቢው ነው። የመጨረሻው ፎቅ ግን ከላዩ ሰማይ ነው። በአንድ ዓይነት ቴርሞሜትር ጠዋት 12 ሰዓት፣ ቀን 8 ሰዓትና ማታ 3 ሰዓት ላይ ለክታችሁ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ጻፉ። የጣሪያን ጥፋት በቁጥር ታዩታላችሁ።

ብሎኬት በጥንካሬው፣ በንጽሕናውና ፎቅ በፎቅ ሆኖ ብዙ ሰው በማስጠለሉ ያልፋል። በሙቀት ቁጠባ ግን ያለ ልስንና ያለ ጥሩ ኮርኒስ ማለፊያ ነጥብ አንሰጠውም።

ሦስተኛ፦ መስታወት

ወቀሳችን የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ዙሪያውን መስታወት ለብሷል። ትልልቁን እያየ ትንንሹም ይለብሳል፤ መርካቶ ውስጥ አራት ፎቅ ያለው የገበያ ሕንፃ ሳይቀር ፊቱን በመስታወት ይሸፍናል። ትልቅ ሕንፃ ቢያንስ ማቀዝቀዣውን አብሮ ይነድፋል፤ ትንሹ ግን መልኩን ብቻ ነው የሚቀዳው።

መስታወት ብርሃን ያሳልፋል። ብርሃኑ ወለሉንና ዕቃውን ያሞቃል፤ የሞቀው ዕቃ መልሶ የሚለቀውን በዓይን የማይታይ ጨረር ግን መስታወቱ በቀላሉ አያሳልፍም። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የምታውቁት ነገር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለቤት ከባዱ ፀሐይ ደግሞ የምሥራቅና የምዕራብ ፀሐይ ነው። ዝቅ ብላ ስለምትመጣ ከላይ የተዘረጋ ጥላ አያግዳትም፤ ቀጥ ብላ ትገባለች። ወደ ምዕራብ የዞረ 10 ካሬ ሜትር መስታወት ላይ በየካሬ ሜትሩ 600 ዋት ቢያርፍና መስታወቱ ግማሹን ቢያሳልፍ፣ ክፍሉ ውስጥ 3 ኪሎዋት ገባ። አንድ ምጣድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ከዚያ መጋረጃ ይዘጋል። ዘግይቷል! ሙቀቱ መስታወቱን አልፎ ውስጥ ከገባ በኋላ መጋረጃ መዝጋት ሌባው ሳሎን ከገባ በኋላ በር እንደመቆለፍ ነው። ጥላ መሆን ያለበት ከውጭ ነው። ቀጥሎ ኤሲ ይገዛል። ኤሲ ብርድ አያመርትም፤ ሙቀት ያጓጉዛል እንጂ። የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ ታውቃላችሁ፤ በሸክላው ቀዳዳ ወዝቶ የሚተነው ውሃ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ኤሲ ውስጥም ፈሳሽ ይተናል፣ ሲተን የክፍሉን ሙቀት ይወስዳል። እንስራው የተነነውን ውሃ አይመልስም፤ ኤሲው ግን ትነቱን በኮምፕሬሰር ጨምቆ፣ ሙቀቱን ውጭ ባለው ሳጥን በኩል አስወጥቶ፣ መልሶ ፈሳሽ ያደርገዋል። በአንድ ኪሎዋት መብራት ሦስት ኪሎዋት ያህል ሙቀት ማጓጓዝ ይችላል። ድንቅ ማሽን ነው። እኛ ግን ራሳችን ያስገባነውን ፀሐይ ለማስወጣት ነው የምንከፍለው።

ይህ የእውቀት እጥረት እንዳይመስላችሁ። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ ከተሠሩት ሕንፃዎች አንዳንዶቹን ቀና ብላችሁ እዩ፤ መስኮታቸው ፊት ወጣ ያለ በረንዳ ወይም ቀጥ ብለው የቆሙ የኮንክሪት ክንፎች አሏቸው። ለጌጥ ብቻ አይደሉም፤ የጥላ ሥራ ነው የሚሠሩት።

ከሰሉ

አሁን ወደ ብርዱ ሌሊት እንመለስ። ቤቱ ሙቀት ካልቆጠበ ሰው ከሰል ያስገባል። በር ይዘጋል፣ ቀዳዳው በጨርቅ ይወተፋል፣ እንቅልፍ ይመጣል። ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ኦክስጅኑ መጀመሪያውኑም ቀንሷል። «ከሰሉ ቀልቷል፣ ጭሱ ጠፍቷል» ማለት መርዙ ጠፍቷል ማለት አይደለም። የቀላ ፍምም ይገድላል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ከተሰማችሁ ወዲያው ወደ ውጭ ውጡ፣ ሌላውንም አውጡ፤ ከዚያ ሐኪም ቤት። የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ከሰል አይደር። ቤታችሁን ኮርኒስ አሠርታችሁ፣ ቀዳዳውን ደፍናችሁ ካሞቃችሁ ይህ ማስጠንቀቂያ ይብስበታል እንጂ አይቀንስም።

ስለዚህ የቤት አሠራር የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጥሩ ጣሪያ ያለው ቤት ከሰሉን ደጅ ያስቀረዋል።

ፍርዳችን ይህ ነው። ወደ ጭቃ ቤት እንመለስ አንልም። ከጭቃው ግን ትምህርቱን እንውሰድ፦ ግድግዳው ከባድ ይሁን፣ ከጣሪያው ሥር የታሰረ አየር ይኑር፣ ትልቁ መስኮት ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይዙር፣ ጥላው ከውጭ ይሁን። አራቱም ኤሲ ከመግዛት በፊት የሚሠሩ ናቸው። ከእናንተ መካከል ነገ መሐንዲስ የሚሆን ይኖራል፤ ደንበኛው መጥቶ «ዙሪያውን መስታወት አድርግልኝ» ሲለው፣ «ምዕራቡ በየት በኩል ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጭድ ተራ በከንቱ አልተሰየመም።