ፌንጣ ለቃሚው ወታደር

«ባለ ሁለት ልብ ታላቁ ወንዝ»ን መጀመሪያ ያነበብኩት የጋዜጠኝነት ተማሪ ሳለሁ ነው። አንድ ሰው ከባቡር ይወርዳል፤ ድንኳን ይተክላል፤ የቆርቆሮ ባቄላና ስፓጌቲ አሙቆ ይበላል፤ በማግሥቱ ዓሣ ያጠምዳል። አለቀ። «ታዲያ ታሪኩ የት አለ?» ብዬ ወረወርኩት። ዛሬ ስመለስበት ግን ያኔ የፈለግሁትን ደራሲው ሆን ብሎ እንዳስቀረው ገባኝ።

ኧርነስት ሄሚንግዌይ ይህን አጭር ልብ ወለድ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ቦታው በአሜሪካ የሚቺጋን ግዛት የላይኛው ልሳነ ምድር፣ ሰው የሳሳበት የደንና የረግረግ አገር ነው። ኒክ አዳምስ ሴኒ ሲደርስ ከተማዋን ተቃጥላ ያገኛታል። ፌንጣዎቹ እንኳ አመድ ላይ ኖረው ጠቁረዋል። ኒክ ከጦርነት የተመለሰ ወጣት ነው፤ ጦርነቱ ግን አይነሳም። ሄሚንግዌይ ራሱ በ1918 ጣሊያን ውስጥ ቆስሎ፣ በ1919 ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ወደ ሴኒ ዓሣ ሊያጠምድ ሄዷል። ኒክን ግን ብቻውን ላከው።

እኔን የገዛኝ የእጅ ሥራው ነው። ኒክ ማለዳ፣ ፌንጣዎቹ በጤዛ ደንዝዘው መዝለል ሲያቅታቸው፣ ከወደቀ ግንድ ሥር ለቅሞ ጠርሙስ ውስጥ ይከታቸዋል። ፀሐይ ከሞቀች ቀኑን ሙሉ ሲያባርራቸው መዋሉ ነው። ትንሽ ትራውት ሊለቅ ሲል አስቀድሞ እጁን ያርሳል፤ ደረቅ እጅ የዓሣውን ስስ ልባጭ ይገፈውና ነጭ ሻጋታ ይወርሰዋል። በሰፈራችን ከጦር ሜዳ ተመልሶ ቀኑን ሙሉ አንድ ራዲዮ ሲፈታና ሲገጥም የሚውል ጎረቤት ነበረን። ልጆች ሆነን እንስቅበት ነበር። ትልቁ ዓሣ ክሩን በጥሶ ሲያመልጠው ኒክ እጁ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያቅለሸልሸው፣ ግንድ ላይ ቁጭ ሲል ሳነብ ያ ሰው ታወሰኝ።

ቅሬታም አለኝ። አገሩ ባዶ ሆኖ ቀርቧል። የኦጂብዌ ሕዝብ የዚህ ምድር ነባር ነዋሪ መሆኑን ሄሚንግዌይ አሳምሮ ያውቃል፤ በዚያው ዓመት ባወጣው የታሪኮች መድበል «የሕንዶች ሰፈር»ን ጽፏል። እዚህ ግን ዱካቸው እንኳ የለም። ደኑም ቢሆን ያልተነካ አልነበረም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጥዱ ለጣውላ ተጨፍጭፎ፣ የቀረው ግርድ በእሳት ሲነድ የኖረ ነው። ተፈጥሮን እንደ ጠበል ሊጠጡ በዚህ ታሪክ ተመርተው የሚሄዱ ተጓዦች ይህን ቢያውቁ ደግ ነው። ወንዙንም ይሳሳቱታል፦ በሴኒ የሚያልፈው ፎክስ ነው፤ ቱ ኸርትድ ወደ ሱፐርየር ሐይቅ የሚፈስ ሌላ ወንዝ ነው። ስሙ ስላማረ ሳይወስደው አልቀረም።

መጨረሻው ላይ ስለ ጽሕፈት የሚያትት ረጅም ክፍል ነበረው። ደራሲው ቆርጦ ጣለው፤ የታተመው ከሞቱ በኋላ በ1972 ነው። ያ ቢቀር ኖሮ ረግረጉ ይሸፈንብን ነበር። ወንዙ ጠቦ፣ ዛፎቹ ከላይ ገጥመው፣ ፀሐይ ወደማይገባበት ጥልቀት ይገባል። ኒክ ያየዋል፤ ዛሬ አይገባበትም። ሁለት ዓሦቹን አጥቦ ወደ ድንኳኑ ይመለሳል።